ቮልሷን ዝቅ ስላደረግካት መንገድ አትይዝልህም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ቮልስ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሶስት ሰው ለየብቻው ላከልኝ፣ አንዱ ጭራሽ "አንተ በከንቱ ነው እንዴ ይሄን ያህል አመት ስትለፋ የኖርከው" ብሎ ጨምሮበታል። ያላነበባችሁት ካላችሁ ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው፦ የድሮ ቮልስ መንገድ እንድትይዝ ከፈለግክ በተቻለህ መጠን ዝቅ አድርጋት፣ ያለውን ጠንካራ ሾክ አስገባ፣ አራቱንም ሰፊ ጎማ አድርገህ እኩል ንፋስ ሙላ፣ ከኋላ ወፍራም ስታቢላይዘር ባር (መኪናው እንዳያዘነብል የግራና የቀኝ ጎማን የሚያያይዝ ብረት) ግጠም፣ ከፊት ኮፈኑ ስር አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ጫን፣ ይሄ ሁሉ ካልሰራ ደግሞ ሽጣት፣ ምክንያቱም ሞተሩ ከኋላ የሆነ መኪና ከተፈጥሮው አደገኛ ነው።

ጸሐፊውን አላውቀውም፣ ወንድሜ ልበለው። ወንድሜ፣ አጻጻፍህ ያምራል ፎቶውም ያምራል፣ ግን ከስድስቱ ምክር ሁለቱ ሰው ይገላሉ፣ ሌሎቹ ብር ይበላሉ፣ አንዷ ብቻ ግማሽ እውነት አላት እሷንም እደርስባታለሁ። እኔ አዳማ ነው የምኖረው፣ ከአባቴ የወረስኳት የ1966 ሞዴል 1300 ቮልስ አለችኝ፣ መካኒክ አይደለሁም ግን ከስሯ ተኝቼ ያሳለፍኩት ቅዳሜ ብዛት ለሚስቴ ብትጠይቃት ትነግርሃለች።

መጀመሪያ ጽሑፉ ላይ የሌለውን ነገር ልናገር። "ቮልስ" ይላል እንጂ የትኛዋ ቮልስ አይልም። እስከ 1965 ሞዴል ድረስ ያሉት የፊት እግራቸው መታጠፊያ ኪንግ ፒን የሚባል ቋሚ ፒን ነው፣ ከ1966 ሞዴል ጀምሮ እንደ ኳስ የሚዞር ቦል ጆይንት ሆነ፣ በ1971 ሞዴል ደግሞ 1302 የምትባለዋ መጣችና ከፊት ያለውን ቶርሽን ባር (እየተጠማዘዘ እንደ ሞላ የሚሸከም ብረት) ትታ እንደ ዛሬዎቹ መኪኖች ማክፈርሰን ስትራት ከነሞላው ያዘች፣ 1303ም እንደዛው (አመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ከኋላም ልዩነት አለ። አብዛኛው ስዊንግ አክስል ነው፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሰሩት ግን ከ1969 ሞዴል ጀምሮ አይ አር ኤስ የሚባለውን ይዘዋል። የቱ እንዳለህ ለማወቅ ጎንበስ ብለህ ማየት ነው፣ ሰሚያሱ (ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ) ወፍራም ቱቦ ውስጥ ተሸፍኖ ጎማ ኩፊያው ካምቢዮው ጋ ብቻ ከሆነ ስዊንግ አክስል ነው፣ ሰሚያሱ ራቁቱን ሆኖ በሁለቱም ጫፍ ኩፊያ ካለው አይ አር ኤስ ነው። ይሄን ሳትለይ የምትሰጠው ምክር በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት እንደሚያዝ ሰው ነው። እኔ ከዚህ በታች የማወራው ስለ ስዊንግ አክስሏ ነው።

አሁን ቮልስ ክሪክ ላይ ስትወጣ አይተህ ታውቃለህ? የኋላ ጎማዎቿ ከስር ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ ልክ ብድግ ያደረግካት ዶሮ እግሯን እንደምትሰበስበው። ከክሪኩ ስታወርዳት እንኳን እንደተኮራመቱ ነው የሚቀሩት፣ ሁለት ሶስት ሜትር ገፋ ካላደረግካት ወደ ቦታቸው አይመለሱም። ለምን? ሰሚያሱ የሚታጠፈው ካምቢዮው ጋ ብቻ ስለሆነ፣ ጎማው ጋ መታጠፊያ የለውም፣ ስለዚህ ጎማው ከነቱቦው እንደ ክንፍ ነው ከፍ ዝቅ የሚለው። ወደ ታች ሲወርድ የግድ ይጣመማል።

ይሄው ነገር ክሪክ ላይ ሳይሆን ኩርባ ውስጥ ሲሆን አስበው። በደንብ ይዘህ እየታጠፍክ ነው፣ ድንገት አህያ ገባችብህና እግርህን ከቤንዚን አነሳህ። ክብደቱ ወደ ፊት ሄደ፣ ኋላዋ ብድግ አለ፣ ኩርባው ደግሞ ራሱ የውጪውን ጎማ ከስር እየገፋ መኪናዋን ወደ ላይ ያነሳታል፣ ጎማው ተሰበሰበ፣ አስፋልቱን በጠርዙ ብቻ ያዘ፣ ከመኪናዋ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደግሞ እዛው ኋላ ነው ያለው። ከዛ በኋላ መሪው ያንተ አይደለም። የቮልስ በሽታ ይሄ ነው በቃ፣ ማንኛውም ማሻሻያ የኋላ ጎማው ወደ ታች እንዳይወርድ ምን አደረገ ተብሎ ነው መመዘን ያለበት።

በዚህ ሚዛን ያንተን እንይ።

"ዝቅ አድርጋት"። የኋላዋን ትንሽ፣ ደግሜ እላለሁ ትንሽ፣ ዝቅ ማድረግ ይጠቅማል፣ ጎማዎቹ ገና ቆመው ሳለ ከላይ ወደ ውስጥ ዘንበል ስለሚሉ እስኪሰበሰቡ ድረስ ብዙ ይቀራቸዋል። ግን ፎቶህ ላይ ያለችው መኪና አፍንጫዋን ደፍታ ኋላዋ እንደነበረ የቀረ ናት። ይሄ የተገላቢጦሽ ነው። ፊቷን ብቻ ስትደፋ ካስተሩ ይቀንሳል፣ ካስተር ማለት ደግሞ መሪውን ለቀቅ ስታደርገው ቀጥ ብሎ እንዲመለስ የሚያደርገው ነገር ነው፣ እሱን የቀነስክ ቀን በፈጣን መንገዱ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ና፣ ከተማ ልትገባ ስትል እዛ ኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይኖቹ የተተከሉት ለጌጥ እንዳልሆነ ያኔ ይገባሃል። ቮልስ ጤነኛ ሆና እንኳን የጎን ነፋስ አትወድም። ፊቷን ዝቅ ያደረገ ሰው ከታችኛው የፊት ቱቦ ስር የካስተር ሺም (ስስ ብረት) ያስገባል፣ ይሄን ጽሑፍህ ላይ አላየሁትም።

ደግሞ "ከኋላ አንድ ጥርስ ብቻ ማዞር በቂ ነው" ብለሃል። የቶርሽን ባሩ የውስጥ ጫፍ 40 ጥርስ አለው፣ የውጪው 44። የውጪው አንድ ጥርስ ማለት ከ8 ዲግሪ ትንሽ በለጥ ያለ ነው፣ ይሄ ጎማው ጋ ሲደርስ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሆናል። ከ5 ሴንቲ በላይ ዝቅ ያለች ቮልስ ይዘህ ኮብልስቶን ሰፈር ግባ እስቲ፣ እያንዳንዱ የፍጥነት መቀነሻ ላይ ሆዷን እያሸች ነው የምታልፈው። የጥርሱ ቁጥር የተለያየው ሆን ተብሎ ነው፣ የውስጡን አንድ ጥርስ ወደ አንድ በኩል የውጪውን አንድ ጥርስ ወደ ሌላ በኩል ስታዞረው ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ በታች ይሆናል፣ ማለትም በግማሽ ሴንቲ ምናምን ማስተካከል ትችላለህ። ስትፈታው ደግሞ ያቺ ላሜራ የመሰለችው ስፕሪንግ ፕሌት ከመያዣዋ ስትወጣ በጉልበት ነው የምትፈነጠረው፣ ጣት ትቆርጣለች፣ በክሪክ ይዘህ ካልሆነ አትንካት። የሰሚያሱ ቱቦ ከስፕሪንግ ፕሌቷ ጋር የታሰረበትን ቦታም ሳትፈታ በፊት በሹል ነገር ምልክት አድርግበት፣ ያለዚያ የኋላ ጎማዎችህ አንዱ ወደ ቦሌ አንዱ ወደ ሞጆ ያያሉ።

"ጠንካራ ሾክ"። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም እኔ ራሴ ተበልቼበታለሁ።

ሾክ ሞላ አይደለም፣ መኪና አይሸከምም፣ ስራው መወዛወዙን ማስቆም ነው። ቮልስ 800 ኪሎ ገደማ ናት፣ ፊቷ ላይ ያለው ከዛ ግማሹ እንኳን አይሞላም፣ የፒክአፕ ሾክ ስታስርባት የፊት ጎማው ጎርባጣ ላይ እንደ ኳስ ነው የሚነጥረው፣ የሚነጥር ጎማ ደግሞ አይታጠፍም። ግን ዋናው እሱ አይደለም። ስዊንግ አክስል ላይ የኋላው ሾክ ሌላ ስራ አለው፣ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበትን መጠን የሚገድበው እሱ ነው። ሾኩ ተዘርግቶ ሲያልቅ ጎማው ይቆማል። ስለዚህ ከልኩ የረዘመ ሾክ ካሰርክ ለጎማው ተጨማሪ መሰብሰቢያ ፈቀድክለት ማለት ነው።

የዛሬ ስንት አመት አንድ ጋራዥ (ስሙ ይቅር) የኋላ ሾኬን ቀየሩልኝ። የቮልስ አልተገኘም፣ "ይሄ ያው ነው፣ እንደውም ይጠነክራል" ተባልኩ፣ ቡሎኑ ገባ፣ ከፍዬ ወጣሁ። ከተማ ውስጥ ምንም አላለችኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአሰላ ስመለስ ኢተያን አልፌ ቁልቁለቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ኩርባው ውስጥ የኔን መስመር ይዞ መጣ፣ እግሬን አነሳሁ፣ ፍሬን እንኳን አልያዝኩም። ኋላዋ ከፍ ሲል በወንበሬ በኩል ተሰማኝ፣ እንደ ሊፍት ነገር፣ ከዛ በመስኮት ሳየው የነበረውን ገደል በፊት መስታወት አየሁት። መንገድ ዳር ያለው ጠጠር ነው ያቆመኝ። ወርጄ ሳያት የቀኙ ጎማ ከስሯ ገብቶ ቁጭ ብሏል፣ ልክ ክሪክ ላይ እንዳለች። ቤት ገብቼ አሮጌውን ሾክና አዲሱን ወለል ላይ ጎን ለጎን ዘርግቼ ለካሁት፣ አዲሱ አራት ጣት ይረዝማል። አራት ጣት!

ስለዚህ ስትገዛ መጀመሪያ የምትለካው ርዝመቱን ነው፣ ጥንካሬው ቀጥሎ ይምጣ። የጋዝ ሾክ ጥሩ ነው አልልም መጥፎም ነው አልልም፣ ግን ግፊቱ ኋላዋን ትንሽ እንደሚያነሳት እወቅ።

"አራቱንም እኩል ንፋስ"። ይሄኛው ነው ሰው የሚገለው። የቮልስ ጎማ እኩል አይሞላም! ከፋብሪካ ስትወጣም የኋላው ከፊቱ በ8 እስከ 10 ፒኤስአይ በልጦ ነው፣ እኔ በራዲያል ጎማ ፊት 18 ኋላ 27 ነው የምሞላው። የፊቱ ትንሽ ለስለስ ሲል ኩርባ ላይ መጀመሪያ መንሸራተት የሚጀምረው ፊቷ ይሆናል፣ ፊቷ ሲንሸራተት ደግሞ ይታወቅሃል፣ ቀስ ብለህ ትመልሳታለህ። እኩል ከሞላህ ቀድሞ የሚሄደው ኋላዋ ነው፣ እሱ ደግሞ አያስጠነቅቅም። ኮርቬር የምትባለዋ የአሜሪካ መኪናም ሞተሯ ከኋላ ነበር፣ የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ስዊንግ አክስል ነበሩ፣ ፋብሪካው ያዘዘው ፊት 15 ኋላ 26 ነበር፣ ሰው ግን ነዳጅ ማደያ ሄዶ እኩል ያስሞላ ነበር፣ ከዛ በኋላ የመጣው የአደጋና የክስ ጣጣ አለም ያወቀው ነው።

ደግሞ ጎሚስታ ጋ የምታደርገው ክርክር አለ። ባለፈው ክረምት "ስንት ላድርገው?" አለኝ ልጁ፣ "ፊት 18 ኋላ 27" አልኩት፣ ፊቴን አየኝ፣ ጎማውን አየ፣ "ብሮ ይሄ ተንፍሷል እኮ" አለ። "ግዴለህም እንደነገርኩህ አድርገው" ብዬው ማኪያቶ ልጠጣ ሄድኩ። ስመለስ ፈገግ ብሎ "ሁሉንም 30 አድርጌልሃለሁ" አለኝ፣ እንደ ምርቃት። ቆሜ አንድ በአንድ ሳስተነፍሰው ለጓደኛው በአይኑ ሲጠቅሰው አይቻለሁ። አሁን የራሴን ጌጅ ኪሴ ይዤ ነው የምዞረው።

ስለ ሰፊ ጎማው ብዙ አልልም። ከኋላ ትንሽ ሰፋ ማለቱ አይጎዳም፣ ከፊት ግን መሪ ማክበድና ፓራፋንጎ መፋቅ ነው ትርፉ። ቸርኬ ስትገዛ ደግሞ እስከ 1967 ያሉት በአብዛኛው አምስት ቡሎን ናቸው ከዛ በኋላ ያሉት አራት፣ ሳታይ እንዳትከፍል።

"ከኋላ ወፍራም ስታቢላይዘር"። ወንድሜ ይሄን ከየት አመጣኸው? የፊት ሞተር ፊት ነጂ ለሆኑ መኪኖች የተጻፈ ነገር አንብበህ ከሆነ ይገባኛል፣ እነሱ ላይ ይሰራል ምክንያቱም ችግራቸው ፊታቸው አልታጠፍ ማለቱ ነው። ስታቢላይዘር የሚያደርገው መኪናው ሲያዘነብል ከውስጠኛው ጎማ ላይ ጭነት አንስቶ ለውጪው ማሸከም ነው። የቮልስ የውጪው የኋላ ጎማ ድሮም ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል፣ አንተ ደግሞ ጨምረህ ትጭንበታለህ? ወፍራሙ ባር የሚገባው ከፊት ነው። ከፊት ስታስረው ማዘንበሉን የሚቃወመው ፊቷ ስለሚሆን ኋላዋ ይገላገላል። እኔ የፊቱን ቀጭኑን አውጥቼ ወፈር ያለ አስገብቻለሁ፣ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ስራ ነው፣ ለወጣብኝ ብር እንደሱ የካሰኝ ነገር የለም።

"ግን ፋብሪካው ራሱ በ1967 ከኋላ ባር ገጥሟል" የሚል ሰው እንደሚመጣ አውቃለሁ። ዜድ ባር ትባላለች። እሷ ስታቢላይዘር አይደለችም፣ ስታያት ተገልብጣ የታሰረች ነው የምትመስለው፣ አንዱ ክንዷ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ ነው። መኪናዋ ስታዘነብል ዝም ትላለች፣ ሁለቱም ጎማ አንድ ላይ ሲጫኑ ግን ታግዛለች፣ በሷ ሰበብ ዋናውን ቶርሽን ባር ማለስለስ ተችሏል። እንደውም ያንተን ምክር የምታፈርስ ማስረጃ ናት።

"ሲሚንቶ ጫን"። ግማሽ እውነት ያልኩት ይሄን ነው። ፊቷ ላይ ክብደት ሲጨመር በነፋስ መወዛወዟ ይቀንሳል፣ ይሄ ሀቅ ነው፣ አባቴም አንዳንዴ የጤፍ ከረጢት ይጥልባት ነበር። ግን ኮፈኑ ስር ያለው ምንድነው? የቤንዚን ታንከሩ! አንድ ኩንታል ያልታሰረ ሲሚንቶ ታንከርህ ላይ አስቀምጠህ ፍሬን ስትይዝ ወዴት የሚሄድ ይመስልሃል። ክብደት ካማረህ ታንከሩ ራሱ 40 ሊትር ይይዛል፣ ሲሞላ 30 ኪሎ ገደማ ነው፣ ሞልተህ ውጣ (ሰልፉን ከቻልክ)። ከዛ በተረፈ ነፋስ ላይ የምትዋኝ ቮልስ ብዙ ጊዜ በሽታዋ ሌላ ነው፣ መሪ ሳጥኑ ላልቷል፣ ቴስቲኒው (የመሪ ዘንጎቹ ጫፍ መጋጠሚያ) አልቋል፣ ኪንግ ፒኑ ወይ ቦል ጆይንቱ ይንቀጠቀጣል። ፊቷን በክሪክ አንሳና ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዘው፣ ቀልጠፍ ያለ ጓደኛ ከኋላ ሆኖ ይይልህ። የፊት ቱቦዎቹ ላይ ያሉት አራት የግሪስ ቀዳዳዎች መቼ ነው መጨረሻ የተሞሉት? ግሪስ ሲሞላ ጎማዎቹ ከመሬት ተነስተው ነው መሆን ያለበት፣ አሮጌው ጥቁር ግሪስ እስኪወጣ። ስንቱ ሰው ለአዲስ እቃ ብሩን ጨርሶ ይሄን ሳይነካ እንደቀረ ብነግርህ ትስቃለህ።

"ካልሆነ ሽጣት" ላልከው፣ ኮርቬርን ደግሜ ላንሳ። በ1964 ሞዴል ፋብሪካው ከኋላ አንዲት አግድም ባሌስትራ (የጭነት መኪና ስር የምታየው ዓይነት ጎባጣ ሞላ) ጨመረባት፣ በ1965 ሙሉ በሙሉ ቀየረው፣ ሞተሩ ግን እዛው ኋላ ነው የቀረው። በ1972 የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መስሪያ ቤት የቀድሞዎቹን ፈትኖ ከእኩዮቻቸው የባሱ አይደሉም አለ። ፖርሽም 356 ሱፐር 90 ላይ ያችኑ አግድም ባሌስትራ አስሯል። ይኸው ፖርሽ ዛሬም ሞተሩን ከኋላ አድርጎ እየሸጠ ነው፣ አደገኛ ነው ያለው የለም፣ ውድ ነው እንጂ።

አይ አር ኤስ ማስገባት ደግሞ ይቻላል፣ ግን ብየዳ ነው፣ ካምቢዮ መቀየር ነው፣ ክንዶቹን ከነሰሚያሱ ከየትም ፈልጎ ማምጣት ነው። እኔ ያንን መንገድ አልሄድኩም። ያቺን ባሌስትራ ግን አሰራሁ። አዳማ የጅቡቲ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ባሌስትራ የሚሰራ አይጠፋባትም፣ ሙሉ ቀን በመዶሻ ድምፅ ነው የምታገኛቸው። አንድ ትልቅ ሰው ጋ ስእሌን ይዤ ሄድኩ። ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው አዩትና "ይሄ ለአሻንጉሊት ነው?" አሉኝ፣ ለቮልስ ነው ስላቸው ሳቁ። ከወደቁት መሃል አንዲት ቀጭን መርጠው ጉጥ ብረት ላይ አስተኝተው በመዶሻ ከጫፍ ወደ ጫፍ እየሄዱ ያጎብጧት ጀመር፣ እሳት አጠገቧም አልደረሰም። "ጋሼ፣ ሳያግሉት ነው እንዴ የሚያጎብጡት?" አልኳቸው። መዶሻውን አቁመው አዩኝና "ከጋለ እኮ ሞተ አንተ ልጅ፣ የጋለ ባሌስትራ ላሜራ ነው" አሉኝ።

መሃሏ ካምቢዮው ስር ይንጠለጠላል፣ ጫፎቿ ሁለቱን ቱቦ ከስር ይደግፋሉ፣ በጎማ ብሎኬት ላይ ነው የሚያርፉት እንዳይፋጩ። መሃሏ ስለሚወዛወዝ መኪናዋ ስታዘነብል ዝም ትላለች፣ ሁለቱም ጎማ ልውረድ ሲሉ ግን ትይዛቸዋለች። መጀመሪያ ያሰርኳት ቀን ክሪክ አድርጌ አነሳኋት፣ ጎማዎቹ አልተሰበሰቡም፣ ትንሽ ብቻ ሸርተት ብለው ቆሙ። ሚስቴን ጠርቼ አሳየኋት፣ "እና?" አለችኝ። አንድ ጉዳት አላት፣ ከስር ትንሽ ዝቅ ስለምትል ከፍ ያለ የፍጥነት መቀነሻ ላይ ማሰብ ያስፈልጋል፣ እዚሁ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ያለችዋን አንዷን እስካሁን በሰያፍ ነው የማልፋት።

በዛው በኢተያ ቁልቁለት ከዛ ወዲህ ስንቴ ተመላልሻለሁ። ሆን ብዬ፣ ከኋላ መኪና አለመኖሩን አይቼ፣ ኩርባው ውስጥ እግሬን አንስቻለሁ። ፊቷ ትንሽ ወደ ውጪ ትገፋለች፣ ኋላዋ ዝም። ወንድሜ አላመንከኝም ከሆነ ቅዳሜ ሶደሬ መገንጠያው ላይ እንገናኝ፣ ያንተንም ይዘህ ና፣ ጌጅ እኔ ጋ አለ።